ፋይሉ አለ፤ አይከፈትም እንጂ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ባለችው ሮቢት አቅጣጫ የጠየቀ ሰው ሳያስበው ታሪክ ተምሮ ይሄዳል። «የአያ እገሌ ቤት በየት በኩል ነው?» ካላችሁ፣ ጥላ ሥር አረፍ ያሉት አባት ከዘራቸውን ያነሡና «ይችን አስፋልት ይዘህ ወደ ቆቦ ትሄዳለህ፤ የተቆረጠው ዋርካ ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ፤ ከዚያ የፈረሰው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ነው» ይሏችኋል። ዋርካው ተቆርጧል፤ ወፍጮ ቤቱም ፈርሷል። እንግዳ ሰው የሌለ ዋርካ ጋ እንዴት አድርጎ እንደሚታጠፍ የሚነግረው የለም። የሰፈሩ ሰው ግን በዚሁ አድራሻ ሠርግም ለቅሶም ሲደርስ ኖሯል፤ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ቤት አልቅሶ የተመለሰ አልሰማሁም።

አድራሻ መዘዝ የሚያመጣው ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። እኒያው አባት በፌስታል ጠቅልለው ያኖሩት ወረቀት «ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ራያና ቆቦ አውራጃ» ይላል። ማኅተሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ይህንኑ ይዘው ኮምፒዩተር ያለበት ቢሮ ሲሄዱ ግን፣ ልጁ ፊት ያለው ቅጽ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ ብሎ ይጠይቃል። አውራጃ የሚጻፍበት ቦታ የለውም።

«አባቴ፣ የተወለዱበት ቦታ ሲስተሙ ላይ የለም።»

«ልጄ፣ እኔ ስወለድ እኮ ሲስተሙም አልነበረም።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እውነት ለእውነት ሲገናኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወለደው «ነገ ተመለስ» ነው።

እኒህን አባት የገጠማቸው ነገር የሒሳብ መምህር የሆነ ጓደኛዬንም ገጥሞታል፤ የእሱ የባሰው የተጣላው ከገዛ ፋይሉ ጋር መሆኑ ነው። ይህ ሰው ከቁልፉ ጋር አንድ ፍላሽ አንጠልጥሎ ይዞራል። በማስተማር ዘመኑ ያወጣው ፈተና ሁሉ እሱ ላይ ነው። ፍላሹ ሻይ ቤት ቢረሳ ሻይ ቤቱን ሊያፈርስ ይችላል። «ሴቭ ያደረግሁት አለ» የሚለው ቃል በእሱ አፍ «ባንክ ያስቀመጥሁት አለ» ከሚለው ይበልጥ ልብ ይሞላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከድሮ ፈተናዎቹ አንዱን አሻሽሎ ሊያባዛ ፈለገና አብረን ኮምፒዩተር ቤት ሄድን። ልጅቱ እንደ ደንቡ ፍላሹን ከቫይረስ አጸዳች፤ ፋይሉን ከፈተች፤ ዝም አለች። ስክሪኑ ላይ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። ባርኔጣ የደፉ የላቲን ፊደሎች፣ ከላያቸው ሁለት ሁለት ነጥብ የወደቀባቸው አናባቢዎች፣ በየመሐሉ የዶላርና የፐርሰንት ምልክት።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈረንሳይኛ ነው?»

«ሒሳብ ነው» አለ ጓደኛዬ፣ እየተናደደ።

«ፎንቱ የለም» አለች ልጅቱ፤ ነገሩ ለእሷ አዲስ አልነበረም።

ፈተናው በተጻፈበት ዘመን ኮምፒዩተር አማርኛ አያውቅም ነበር። አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ ከዚያም ውስጥ የማይነካ አለ። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን፣ የግዕዝ አኃዞቹንና አራት ነጥቡን ስትጨምሩበት ሞልቶ ይፈስሳል። የፎንት ሠሪዎቹ መላ ዘየዱ፦ በላቲኑ ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል ተከሉበት። ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ እኛ የምናየው «ለ» ነው። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው፤ ሌላው የፊደሉን ገላ ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ አገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ አደራደራቸው የየራሳቸው ነበር፤ የአንዱ «ለ» በሌላው ሲከፈት ሌላ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ውለታቸው ግን አይካድም። በእነሱ ደብዳቤ ተጽፏል፣ መጽሐፍ ታትሟል፣ የሠርግ መጥሪያ ተበትኗል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚያድለው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ተሰጠው፤ ሀም ማንም የማይጋፋት የራሷ ቁጥር አገኘች። በ2007 ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንት አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ከሮቢት ሲያትል ቢላክ አማርኛ ሆኖ ይደርሳል። የጓደኛዬ ፋይል ግን ይህን ወሬ አልሰማም። ውስጡ ያለው ዛሬም የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው የነበረው ፎንቱ ላይ ነበር፤ ፎንቱም የቀረው ፈተናው ከተጻፈበት፣ ኋላ ከተበላሸው ኮምፒዩተር ጋር ነው።

ልጅቱ ፎንቱን ከአንድ ቦታ ፈልጋ ጫነችለት። ጥያቄዎቹ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ጓደኛዬ ሊመርቃት አፉን ሲከፍት ሁለተኛው ጉድ መጣ፦ እኩሌታዎቹ ይታያሉ፤ አይነኩም። ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለውን 5 ወደ 7 ሊቀይር ሁለቴ ክሊክ አደረገ፤ ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያርም ፕሮግራም የለኝም አለው። ቁጥሩ እንደ ፎቶ ግራፍ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

የዚህኛው ታሪክ ከማይክሮሶፍት መቀመጫ ከሬድመንድ ይነሳል። በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ ኢኩዌሽን ኤዲተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበር። በአገራችን ያለ የሒሳብ መምህር ክፍልፋይና ሩት የሚጽፈው በእሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ይህ መሣሪያ ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ ይዞ መኖሩ ታወቀ። በመጀመሪያ ቀዳዳውን ጠገኑት፤ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ፤ በጥር 2018 ከነጭራሹ ነቅለው አወጡት። እኛ ዘንድ 2010 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለደኅንነት ብለው ያደረጉት ነውና መውቀስ ይከብዳል፤ ለስንት ዓመት የተጻፈው እኩሌታ ሁሉ ግን በአንድ ቀን የሙዚየም ዕቃ ሆነ፦ ማየት ይቻላል፣ መንካት ክልክል ነው። የሚገርመው፣ ያንኑ ፋይል ሊብሬ ኦፊስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ብትከፍቱት፣ የድሮውን እኩሌታ ወደ ራሱ አጻጻፍ ቀይሮ እንድታርሙት ሊሰጣችሁ ይችላል። ባለቤቱ የጣለውን ዕቃ ጎረቤት አንሥቶ ሲጠግነው ማለት ይህ ነው።

እስከዚህ ያለው ተራ ነው፤ ሠላሳ ገጽ ፈተና እንደገና ቢጻፍ ሰው አይሞትም። ጓደኛዬን እንቅልፍ የነሣው ሦስተኛው ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪው ሥራ።

በክረምት እየተመላለሰ ሲማር የሠራው ጥናት ስለ ግራፍ ነበር፤ ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች። ለምሳሌ የወሰደው የገዛ መንገዱን ነው፦ ወልዲያ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ። የተጠቀመበት ሴጅማት ይባላል። ሴጅማት ዊሊያም ስታይን የተባለ የሒሳብ ሰው በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነጻ ፕሮግራም ነው። ማክሲማን፣ ጋፕን፣ ፓሪን የመሳሰሉ ከእሱ በፊት የነበሩ የሒሳብ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ በፓይተን ቋንቋ ያነጋግራቸዋል። ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ለመምህር ደመወዝ የተፈጠረ ይመስላል። ጓደኛዬ ከተሞቹንና ርቀታቸውን ፒክል በሚባለው የፓይተን ማስቀመጫ አኑሮ፣ ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። ከዓመታት በኋላ ጥናቱን ሊያስፋፋ አዲሱን ሴጅማት ጭኖ ፋይሉን ጠራው። የመጣለት ቀይ ኤረር ነው።

በበዓል ከወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቡ የመጣ የቀድሞ ተማሪው ነገሩን ሰማና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አነበበው። ኤረሩ፣ 225 የሚባል ባይት አጋጥሞኛል፣ ከ128 በታች አይደለምና አላውቀውም ይላል።

«ቲቸር፣ የተጣላው ከሮቢት ጋር ነው» አለ ልጁ።

እውነቱን ነው። ሮቢት የምትጀምርባት «ሮ» ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ የምትቀመጠው በሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 174። የድሮው ፓይተን 2 ጽሑፍን እንዲሁ የባይት ክምር አድርጎ ያስቀምጥ ነበር፤ ምን ቋንቋ እንደሆነ አይጠይቅም፣ አይጽፍም። ፓይተን 3 ደግሞ ጽሑፍንና ባይትን ለየ። አሮጌ ፒክል ሲከፍት፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍ አስኪ ነው ብሎ ይነሣል። አስኪ የሚያውቀው ከ0 እስከ 127 ያሉትን 128 ምልክቶች ብቻ ነው። እንግሊዝኛ በዚያ ውስጥ ተዝናንቶ ይኖራል። የእኛ «ሮ» ገና በመጀመሪያ ባይቷ ከአጥሩ ውጪ ናት።

«ከተሞቹን በላቲን ብጽፋቸው ኖሮ ይከፈት ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እና ጥፋቴ ምንድን ነው?»

«አማርኛ ጻፉ።»

ልጁ ከትእዛዙ መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር ነገር ጨመረ፤ ስድስቱም ከተሞች በየርቀታቸው ተሰልፈው ወጡ። ጓደኛዬ «ይችው ናት?» ብሎ ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ ልጁን አየ። ስንት ሌሊት ያልተኛበት ነገር መፍትሔው የአንድ መስመር ጭራ ሆኖ ሲገኝ ሰው ከመደሰቱ በፊት ትንሽ ይቆጣል።

የባሰም ነበረ። ፒክል ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል አያስቸግርም። ሴጅማት ውስጥ እንደተሠራ ግራፍ ወይም ማትሪክስ ያለ ዕቃ ስታስቀምጡ ግን፣ ፋይሉ ይዘቱን ይጽፍና የዕቃውን አሠራር ሳይጽፍ ይቀራል። «አሠራሩን የሚያውቀው እንዲህ በሚባል ፋይል ውስጥ፣ እንዲህ በሚባል ስም ይገኛል» ብሎ አድራሻ ብቻ ይተዋል። አዘጋጆቹ ኮዱን ሲያጸዱ ያንን ስም ቢቀይሩት ወይም ወደ ሌላ ፋይል ቢያዛውሩት፣ የእናንተ ፒክል የተቆረጠው ዋርካ ጋ ደርሶ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ይፈልጋል። ዋርካው የለም። ሰውዬው ግን ቤቱን ቀይሮ በሕይወት አለ።

የሴጅማት ሰዎች ይህን አስቀድመው አሰቡበት። በቀደሙት ቅጂዎች የተቀመጡ ዕቃዎችን ሰብስበው በአንድ ማኅደር አኖሩ፤ ኮድ በተለወጠ ቁጥር እነዚያ ሁሉ አንድ በአንድ ይከፈቱ እንደሆነ የሚፈትን ፕሮግራም አዘጋጁ። አልከፈት ያለ ካለ፣ ለውጡን ያመጣው ሰው መልስ መስጠት አለበት። ስም ሲቀየር ደግሞ በድሮው ስም የመጣውን እንግዳ ወደ አዲሱ የሚመራ ምልክት ይተክላሉ። ሊያስወግዱት ያሰቡት አሠራር ቢኖር፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ «ይህ ሊቀር ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ ይቆያል። ደመወዝ የማይከፈለው ሰው፣ አይቶት ለማያውቀው የሮቢት መምህር ይህን ያህል መጨነቁ ያስመሰግናል።

ጭንቀቱ ግን ዳር አለው። ፓይተን 2 የድጋፍ ዘመኑ ያበቃው ታኅሣሥ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ፓይተን 3 የተሻገረው ሴጅማት 9.0 የወጣውም በዚያው ቀን ነው። ያን መሰል ወንዝ ሲሻገሩ ሁሉን ተሸክሞ መሻገር አይቻልም። አሮጌ ስም በተጠበቀ ቁጥር አዲሱ ኮድ በምልክት ይሞላል፤ ለአዲስ ገቢ ማንበብ ይከብደዋል፤ የረሱት አሮጌ በርም እንደ ኢኩዌሽን ኤዲተሩ ሌባ ሊያስገባ ይችላል። ራሱ ፒክል ከማይታመን ሰው ከመጣ በውስጡ ትእዛዝ ደብቆ ሊመጣ ስለሚችል፣ የፓይተን ሰዎች የማታምኑትን አትክፈቱ ብለው ያስጠነቅቃሉ። ነጻ ፕሮግራም እዚህ ላይ የሚበልጠው፣ የድሮው ቅጂም ኮዱም አለመደበቁ ነው። ከአሮጌው ሴጅማት አንዱን አውርዳችሁ፣ ፋይሉን ከፍታችሁ፣ በተራ ጽሑፍ ገልብጣችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ገዝታችሁ የነበረው ፕሮግራም ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ ግን ፋይላችሁ የሙት ልጅ ነው።

ለኋላ ማሰብ የፈረንጅ ብልሃት ብቻ እንዳይመስለን፣ ሞክሼ ፊደሎቻችንን ተመልከቱ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አፍ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ይቀነሱ የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሣል፤ ሳይቋጭ ያድራል። የቆዩበት አንዱ ምክንያት የቀድሞው መጽሐፍ እንዲከፈት ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ያው የምናውቀው ነው። ሁለቱን ብንደባልቃቸው በየማለዳው የምትወጣዋ ፀሐይ የምትከሰሰው በስርቆት ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን ስም መዝጋቢው ነው። ኃይሉ የሚባል ልጅ በአንዱ ሴሚስተር ኃይሉ፣ በሌላው ሀይሉ፣ ችኩል ጸሐፊ ያገኘው ጊዜ ሃይሉ ተብሎ ይመዘገባል። ለሰው ሦስቱም አንድ ልጅ ናቸው፤ ለኤክሴል ሦስት ተማሪ ናቸው፣ ሦስቱም ግማሽ ግማሽ ውጤት ያላቸው። ጓደኛዬ በሰኔ ወር የሚያስበው ስለ ግራፍ ሳይሆን ስለዚህ ኃይሉ ነው።

ጭራሽ አልለወጥም ብሎ የቆመ ፕሮግራምም አለ። ዶናልድ ክኑዝ የሚባሉ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፣ የሒሳብ ጽሑፍ የሚያሰናዳውን ቴክ የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ሲያበቁ አዲስ ነገር አይጨመርበትም ብለው ዘጉት። ስሕተት ሲያርሙ ብቻ የቅጂ ቁጥሩ የፓይን አሃዞች እየተከተለ አንድ አሃዝ ይረዝማል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. 3.141592653 ደርሷል። እሳቸው ሲያልፉ ቁጥሩ ፓይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስሕተት ስሕተት መባሉ ይቀራል። ፋይሉ በማንኛውም መጻፊያ የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዛሬም ይሠራል። ሁሉም ፕሮግራም እንደ ቴክ ይቁም ማለት አይቻልም፤ የሒሳብ ፕሮግራም ካላደገ ይሞታል። የሚያድግ ሁሉ ግን ትናንት ያመኑትን ሰዎች የሚያስገባ በር መተው ዕዳው ነው። አውራጃ የሚል ቦታ የሌለውን ቅጽ የሠራው ባለሙያም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም።

የእኛም ድርሻ አለ። ሴቭ ማድረግ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ነገ የሚከፍተው ሰው በምን እንደሚከፍተው ማሰብ ነው። አማርኛችሁን በዩኒኮድ ጻፉ። ፒክል የሆነውን ሁሉ አጠገቡ አንድ ተራ የጽሑፍ ቅጂ አኑሩለት፤ በየትኛው ፕሮግራም፣ በስንተኛው ቅጂ፣ በየትኛው ፎንት እንደተሠራ ከላዩ ሁለት መስመር ጨምሩበት። አሮጌውን ኮምፒዩተር ለሊስትሮ ሣጥን መሥሪያ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ የቆዩ ፋይሎቻችሁን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እዩ። የተከፈተውን አዲስ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ያልተከፈተውን መክፈት የሚችል ሰው ሳይጠፋ ዛሬውኑ ፈልጉ።